መሪው በማን እጅ ነው? በርቀት የሚነዳ፣ ራሱን የሚነዳ ወይስ ባለሹፌር መኪና

ሰሞኑን ሁለት ሰዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለ አንድ ጉዳይ ደወሉልኝ። አንደኛዋ እናቷን ከአዲስ አበባ ወደ ላስ ቬጋስ ያስመጣች የሰፈሬ ልጅ ናት። “እኔ ሥራ ስሆን እማዬ በዚያ ሹፌር በሌለው መኪና ብትሄድ ምን ይመስልሃል?” አለችኝ። ሁለተኛው ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ የነዳ ወዳጄ ነው። እሱ ደግሞ “ቢሮ ቁጭ ብለው በስክሪን መኪና የሚነዱበት ሥራ አለ አሉ፤ ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ?” ሲል ጠየቀኝ። በስልክ የመለስኩላቸው አልበቃኝም። ተመሳሳይ ጥያቄ ያላችሁም ብዙ እንደሆናችሁ ስለማውቅ አሰናድቼ ጻፍኩት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ላስ ቬጋስ ለዚህ ንጽጽር በጣም ትመቻለች። በርቀት የሚነዱ መኪኖችን የሚያከራየው የጀርመኑ ኩባንያ ቬይ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ እዚህ ይሠራል። የአማዞን ንብረት የሆነው ዙክስ በሴፕቴምበር 2025 መሪም ፔዳልም የሌላቸውን መኪኖቹን ለሕዝብ ከፈተ። ታክሲና ኡበር ላይ የኛ ሰው ምን ያህል እንደሆነ ደግሞ ከተማውን የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። ላስ ቬጋስን የያዘው የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር በ2023 አንድ አካባቢ “ሊትል ኢትዮጵያ” ብሎ በይፋ የሰየመው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ ሦስቱም አማራጮች በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ሁለቱ “ሹፌር አልባ” አንድ አይደሉም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሹፌሩ ወንበር ባዶ ሆኖ ሲያይ ሁሉንም “ሮቦት ነው” ይላል። በርቀት የሚነዳ መኪና ሮቦት አይደለም። ሹፌር አለው፤ ሹፌሩ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው።

የቬይን አሠራር ልንገራችሁ። ስልካችሁ ላይ አፑን ከፍታችሁ መኪና ታዛላችሁ። ጥቂት ቆይቶ አንዲት የኤሌክትሪክ ኪያ ኒሮ ከማዕዘኑ ብቅ ትላለች። ፍሬቻ ታሳያለች፣ መሪው ወደ ቀኝ ይዞራል፣ የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ይዛ ቀስ ብላ ትቆማለች፤ ወንበሩ ላይ ማንም የለም። በዚያች ደቂቃ ከተማው ውስጥ ባለ አንድ ጣቢያ አንድ ሰው መሪ ጨብጦ፣ እግሩን ፔዳል ላይ አድርጎ፣ ከፊቱ በተደረደሩ ስክሪኖች የእናንተን መንገድ እያየ ነው። በጆሮ ማዳመጫው የመንገዱን ድምፅ፣ የአምቡላንስ ሳይረን ቢመጣም ጭምር ይሰማል። መኪናዋን ካቆመላችሁ በኋላ እሱ ይወጣል፣ እናንተ ትገባላችሁ። ከዚያ በኋላ የምትነዱት ራሳችሁ ናችሁ። የምትሄዱበት ስትደርሱ ትወርዳላችሁ፤ ፓርኪንግ መፈለግ የለም። የርቀት ሹፌሩ ተመልሶ መሪውን ይይዝና ወደ ሌላ ደንበኛ ይወስዳታል።

ልብ በሉ፤ ቬይ የሚያቀርበው ታክሲ ሳይሆን እቤታችሁ ድረስ የሚመጣ የኪራይ መኪና ነው። መንጃ ፈቃድ ከሌላችሁ አይጠቅማችሁም። ለሰፈሬ ልጅ የመጀመሪያው መልሴም ይኸው ነበር።

ራሱን የሚነዳው ሌላ ነገር ነው። የጉግል እህት ኩባንያ የሆነውን የዌይሞን መኪና ብትወስዱ፣ ጃጓር አይ-ፔስ ላይ የተገጠመው አምስተኛው ትውልድ ሥርዓት 29 ካሜራ፣ 5 ሊዳር (በሌዘር ብርሃን ርቀት የሚለካ መሣሪያ) እና 6 ራዳር አለው። መቼ እንደሚታጠፍ፣ ለማን እንደሚቆም የሚወስነው መኪናው ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ነው። ከሩቅ ሆነው የሚከታተሉ ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን መሪውን አይዙም። መኪናው ግራ ሲገባው “ይህ መንገድ ተዘግቷል ወይ? በዚህ ልለፍ?” ብሎ ይጠይቃቸዋል፣ እነሱ ይመልሱለታል፣ ውሳኔው ተመልሶ የመኪናው ነው።

እንግዲህ ለመምረጥ የምጠቀምበት መለኪያ አንድ ነው፤ ነገር ሲበላሽ መሪው በማን እጅ ነው? ኔትወርክ ሲቋረጥ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ያልታሰበ ሰው መንገድ ሲገባ ማን ይወስናል? ዋጋና ምቾት ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

በርቀት መንዳትና የቪዲዮ ኮል ችግር

አገር ቤት ለእናታችሁ ቪዲዮ ኮል ስትደውሉ ፊታቸው ይቀርና ድምፃቸው ቀድሞ የሚመጣበት ጊዜ አለ አይደል? እናንተ “ሄሎ” ስትሉ እሳቸው ገና ያለፈውን ዓረፍተ ነገር እየመለሱ ነው። በርቀት የሚነዳ መኪና ዋና ፈተና ይኸው መዘግየት ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል። ምስሉ ከካሜራው ተነስቶ ስክሪኑ ላይ እስኪደርስና የሹፌሩ ትእዛዝ ተመልሶ ፍሬኑን እስኪነካ በድምሩ አንድ አምስተኛ ሰከንድ ቢፈጅ፣ መኪናው በዚያች ቅጽበት 2.8 ሜትር ሄዷል። ይህ የሹፌሩ የራሱ የመደንገጫ ጊዜ ሳይቆጠር ነው። ፍጥነቱ 30 ቢሆን ርቀቱ ወደ 1.7 ሜትር ይወርዳል፤ 100 ቢሆን ከ5 ሜትር ተኩል ያልፋል። በርቀት የሚነዱ መኪኖች የከተማ ውስጥ ቀስታ የሚስማማቸው፣ ፍሪዌይ ደግሞ የሚከብዳቸው ለዚህ ነው።

ታዲያ ጨርሶ ቢቋረጥስ? ደህና የተሠራ ሥርዓት ከአንድ በላይ የሞባይል ኔትወርክ በአንድ ጊዜ ይጠቀማል። ሁሉም ቢጠፉ መኪናው በራሱ ፍጥነቱን ቀንሶ ይቆማል። መቆሙ ደህና ነው፤ የት ላይ ቆመ የሚለው ግን ሁልጊዜ ጥያቄ ነው። የባቡር ሐዲድ ላይ መቆምና መኖሪያ ሰፈር ውስጥ መቆም አንድ አይደሉም።

እኔ ግን የቬይን መንገድ የምወድበት አንድ ምክንያት አለ። በርቀት በሚነዳበት ሰዓት መኪናው ባዶ ነው። እናንተ ስትገቡ መሪው እፊታችሁ ነው፣ ፍሬኑም እግራችሁ ሥር። የመዘግየቱ ችግር ከነአካቴው ባይጠፋም ተሳፋሪ ላይ አይወድቅም። የሚቀረው ውጪ ያለው እግረኛና ብስክሌተኛ ነው፤ ለእነሱ ሲባል ጥያቄው ክፍት ይቆያል።

ሳልረሳው፣ “ታዲያ ልጆቻችን አዲስ አበባ ቁጭ ብለው የቬጋስን መኪና ሊነዱ አይችሉም?” ብሎ የጠየቀኝም አለ። ደስ የሚል ሐሳብ ነው፣ ግን አይሆንም። ከአዲስ አበባ ላስ ቬጋስ በቀጥታ እንኳ ከ14,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ደርሶ መልሱ ብቻ፣ ገመዱ ቀጥ ብሎ ተዘርግቶ ቢሆን እንኳ፣ 140 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ ቪዲዮውን መጭመቅና መፍታት ገና አልተጨመረበትም። ምክር መስጠት ይቻላል፤ በቀጥታ ፍሬን መያዝ ግን አይመከርም።

ራሱን የሚነዳው፤ ጎበዝ ነው፣ ግን ብቻውን አይደለም

ዌይሞ ያሳተመው ጥናት መኪኖቹ እስከ ጃንዋሪ 2025 ያለ ሹፌር የሄዱትን 56.7 ሚሊዮን ማይል መርምሮ፣ በእግረኞች ላይ ጉዳት ያደረሱ ግጭቶች ከሰው ሹፌር ጋር ሲነጻጸር በ92 በመቶ አንሰው አግኝቷል። ጥናቱን የሠሩት የኩባንያው ተመራማሪዎች መሆናቸውን እያስታወስኩ፣ ቁጥሩን ግን አላጣጥለውም። ኮምፒውተር አይሰክርም፣ ስልክ አያይም፣ ሌሊቱን ሁለት ፈረቃ ሠርቶ አያንቀላፋም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከካዚኖ ወጥቶ መሪ የሚይዝ ሰው ያየ ይህን ይረዳል።

ነገር ግን የሳን ፍራንሲስኮን ታሪክ ሳላነሳ አላልፍም። በኦክቶበር 2 ቀን 2023 አንዲት እግረኛ በሌላ፣ ሰው በሚነዳው መኪና ተገጭታ በክሩዝ ኩባንያ ሹፌር አልባ መኪና ፊት ወደቀች። የክሩዝ መኪና መታትና ቆመ። ከዚያ በኋላ ግን “ወደ ዳር ልውጣ” ብሎ ተንቀሳቀሰ፤ ሴትየዋ ከሥሩ እያለች ወደ 6 ሜትር ያህል ጎተታት። ማንም ሹፌር፣ ጀማሪም ቢሆን፣ ሰው ገጭቶ ከመኪናው ሥር ሳያይ አይነሳም። በዚያው ወር 24 የካሊፎርኒያ የመኪና ጉዳይ መሥሪያ ቤት የኩባንያውን ፈቃድ አገደ። ባለቤቱ ጄኔራል ሞተርስ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ካፈሰሰበት በኋላ በዲሴምበር 2024 የክሩዝን የሮቦ ታክሲ (የሹፌር አልባ ታክሲ) ሥራ አቆመ።

በዚያ ሰሞን የወጣ ሌላ ነገርም አለ። የክሩዝ ኃላፊ የነበረው ካይል ቮግት መኪኖቹ በአማካይ ከ2 እስከ 4 በመቶ ለሚሆነው ጊዜ ከርቀት የሰው ድጋፍ እንደሚያገኙ ራሱ ተናገረ። “ራሱን የሚነዳ” የተባለው ሁሉ ከጀርባው ሰው አለው ማለት ነው። በዲሴምበር 2025 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሰፊ የመብራት መቋረጥ በደረሰ ጊዜ ይህ ገሃድ ወጣ። የትራፊክ መብራቶቹ ሲጠፉ የዌይሞ መኪኖች ማረጋገጫ ለማግኘት ወደ ርቀት ሠራተኞች ጥያቄ ላኩ። ጥያቄው በአንድ ጊዜ በዛ፣ መልሱ ዘገየ፣ መኪኖቹ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆመው ቀሩ። ኩባንያው አገልግሎቱን ለጊዜው አቋረጠ።

እዚህ ያለው ዙክስ ደግሞ አራት ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥበት፣ ፊቱና ኋላው የማይለይ ሳጥን መሰል መኪና ነው። ሲጀምር ጉዞው በነፃ ነበር፤ የሚያደርሰውም ስትሪፕ በተባለው የሆቴልና የካዚኖ ጎዳና አካባቢ ባሉ የተወሰኑ ቦታዎች፣ እንደ ሪዞርትስ ወርልድ፣ ኤሪያ 15ና ቶፕጎልፍ ባሉት መካከል ነበር። እንግዳ ይዞ ከተማ ለማሳየት ግሩም ነው። ሥራ ለመግባትና ለቅሶ ለመድረስ ግን አልተሠራም።

ባለሹፌሩ ታክሲ ገና የማይተካበት ቦታ

ወደ እናትየው ልመለስ። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ከአማርኛ ሌላ አይናገሩም፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሮቦ ታክሲ በር ላይ ሳይሆን መኪናው ደህና ነው ባለው ጠርዝ ላይ ይቆማል፤ ሃምሳ ሜትር ወዲያ ሊሆን ይችላል። ሻንጣ አያነሳም። መንገድ ላይ ቢቆም ከድምፅ ማጉያው የሚመጣው እርዳታ በእንግሊዝኛ ነው። የኛ ሰው የሚነዳው ታክሲ ላይ ግን “እማማ፣ ቀስ ብለው ይግቡ፣ ቀበቶውን እኔ ላስርልዎት” የሚል አለ። ከሃሪ ሪድ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ስትሪፕ ሆቴሎች ደግሞ የታክሲ ዋጋው በዞን የተቆረጠ ስለሆነ በኡበር የሚታየው በሰዓቱ ሁኔታ የመናር ስጋት የለም።

ስለዚህ ለልጅቷ የነገርኳት ይህን ነው። ለእናትሽ የምታውቂውን ሹፌር ቀጠሮ ያዢላቸው። አንቺ ራስሽ ግን መንጃ ፈቃድ አለሽ፣ መኪናሽም ጋራዥ ከገባ ሰነበተ፤ በርቀት የሚመጣውን መኪና አንቺ ሞክሪው።

ለማን የቱ ያዋጣል

በርቀት የሚመጣው መኪና ዋጋው በደቂቃ ነው የሚቆጠረው፤ አቁማችሁ ስትገዙ ወይም ስትጠብቁ ደቂቃው ይረክሳል። ስለዚህ ብዙ ቦታ ለሚያካልል ሰው ይመቻል። ጤፍና በርበሬ ከሊትል ኢትዮጵያ፣ ከዚያ ልጅ ከትምህርት ቤት፣ ከዚያ መድኃኒት ቤት፤ ይህን በኡበር ብታደርጉት በየጉዞው የመነሻ ክፍያ አለ። ሠርግ ወይም ለቅሶ ደርሳችሁ ሦስት አራት ሰዓት የምትቀመጡ ከሆነ ግን ኪራዩን ዝጉት፤ ስትወጡ ሌላ እዘዙ። ሕፃን ካለ የሕፃን ወንበር ይዛችሁ ሂዱ፤ ከመነሳታችሁ በፊትም በደንብ እሰሩት።

አንድ ምክር ከራሴ ስህተት። መኪናው ሲደርስላችሁ ዝም ብላችሁ አትግቡ። ዙሩት፣ ጭረትና ጉድጓድ ካለ ፎቶ አንሱ፣ ከዚያ ጀምሩ። እኔ አንድ ጊዜ ከተራ የመኪና አከራይ የተከራየሁትን መኪና ሳልፈትሽ ተቀብዬ፣ ያላደረስኩትን የበር ጭረት 400 ዶላር ከፍያለሁ። ማስረጃ አልነበረኝም፤ ክርክሬም አልሠራም። በርቀት የሚመጣ መኪና ላይ ይህ የበለጠ ይገባል፤ ምክንያቱም ከእናንተ በፊት የነዳው ሰው ከመኪናው ወርዶ ዙሪያውን አላየም። ኢንሹራንሱ እናንተ ስትነዱ እስከ ምን ድረስ እንደሚሸፍን፣ ከኪሳችሁ የሚወጣው የመጀመሪያ ድርሻ ስንት እንደሆነ አፑ ውስጥ ተጽፏል። ያቺን አንድ ገጽ አንብቧት።

ማታ ጠጥታችሁ ከሆነ ደግሞ ንጽጽር አያስፈልግም። በርቀት የሚመጣው መኪና ለእናንተ አይደለም፤ ታክሲ ያዙ።

ይህ ነገር ወዴት ያመራል?

የቬይ መሥራች ቶማስ ፎን ደር ኦሄ ቀድሞ ዙክስ ውስጥ የሠራ ሰው ነው። ራሱን የሚነዳ መኪና ከሚሠራ ኩባንያ ወጥቶ በ2018 በርሊን ላይ በሰው የሚነዳውን መጀመሩ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ኮምፒውተሩ ሁሉን እስኪችል ከመጠበቅ፣ ሰው ከሩቅ እየነዳ አገልግሎቱ ዛሬውኑ ይጀመር፤ ቀላል ቀላሉን የመንገድ ክፍል ቀስ በቀስ ለኮምፒውተሩ እናስረክብ የሚል ሐሳብ ነው። በፌብሩዋሪ 2023 የቬይ ሰዎች ሃምቡርግ ላይ መኪናው ውስጥ ማንም ሳይኖር በሕዝብ መንገድ ከርቀት ነዱ። ጀርመን ደግሞ ከዲሴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ በርቀት መንዳትን ለአምስት ዓመት ሙከራ የሚፈቅድ ደንብ ሥራ ላይ አውላለች። ኢስቶኒያ ውስጥም ኤልሞ የተባለ ኩባንያ ታሊን ላይ ተመሳሳይ ኪራይ ጀምሮ ነበር።

መንገዱ ግን ለሁሉም አልጋ በአልጋ አልሆነም። ስታርስኪ ሮቦቲክስ በ2019 ፍሎሪዳ ውስጥ ሰው ያልተሳፈረበት ከባድ መኪና በአውራ ጎዳና ነድቶ በ2020 ተዘጋ። ለሌሎች ኩባንያዎች በርቀት የመንዳት ሥርዓት ይሸጥ የነበረው ፋንተም ኦቶም በ2024 በሩን ዘጋ። የኔ አስተያየት፣ በርቀት መንዳት ባዶ መኪናን ወደ ደንበኛ ለማድረስ እውነተኛ እርምጃ ነው። ሰው አሳፍሮ በፍጥነት መንገድ ለመክነፍ ግን ገና ነው፤ ኔትወርኩን የምናውቀው ነን።

ሹፌር ለሆናችሁ

ወዳጄ የጠየቀኝ ከዚህ ይለያል። የርቀት ሹፌርነት የሚስብ ጎን አለው። በነሐሴ ሙቀት ኤርፖርት ሰልፍ ላይ መቆም የለም፣ ወገብ አይሰበርም፣ ሌሊት ማን እንደሚሳፈር መፍራት የለም። ፈረቃህ ሲያልቅ ተነስተህ ትሄዳለህ። በሌላ በኩል ቲፕ የለም፤ ቬጋስ ውስጥ ታክሲ የነዳ ሰው ቲፕ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። ለሰዓታት ስክሪን ላይ ማፍጠጥ ዓይንን ይፈትናል፤ የመኪናውን ንዝረት ሳይሰሙ መንዳትም ከአዲስ መማር ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የሰው ቁጥሩ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ የታክሲ ሹፌር አንድ ደንበኛ ለማድረስ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅበት በ8 ሰዓት 16 ሰው ያደርሳል። የርቀት ሹፌር መኪናውን ለማድረስ 10 ደቂቃ ቢበቃው፣ ቀሪውን ደንበኛው ራሱ ስለሚነዳው፣ በዚያው ፈረቃ 48 መኪና ሊያንቀሳቅስ ይችላል። ኮምፒውተሩ ቀላሉን መንገድ ሲረከብ ደግሞ አንዱ ሰው ከዚያም በላይ ይይዛል። ሥራው አለ፤ ታክሲው የሚቀጥረውን ያህል ሰው ግን አይቀጥርም።

ስለዚህ ከመፈረም በፊት የሚጠየቁትን አንድ በአንድ ነገርኩት። ክፍያው በሰዓት ነው ወይስ ባደረስከው መኪና ቁጥር? ዓይን ለማሳረፍ በየስንት ሰዓቱ እረፍት ይሰጣሉ? በአንድ ጊዜ አንድ መኪና ብቻ ነው የምትይዘው? ኔትወርክ ተቋርጦ ግጭት ቢደርስ በመንጃ ፈቃድህ ላይ የሚመዘገበው በአንተ ስም ነው ወይስ በኩባንያው? ለመጨረሻው ጥያቄ በጽሑፍ መልስ ካልሰጡህ አትፈርም አልኩት።

ሥልጠናውን ይሞክረዋል። የታክሲ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ግን ቀኑ ሳያልፍበት እንዲያድስ ነገርኩት፤ ማክሰኞ ሄዶ አደሰ።